ኤፍ የሚባለው ቤት

ዘመሮ የገባሁት ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሚኒባሱ የወረድኩት መውረድ ካለብኝ ቦታ አልፌ ነው። «ወራጅ አለ» ያልኩትን ከራሴ በቀር የሰማው ስላልነበረ ሾፌሩ ዝም ብሎ ነዳ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጄ የመጣሁበትን መንገድ በጉሙ ውስጥ በእግሬ ተመለስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው አንድ ፍላሽና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው።

የላከኝ ምንተስኖት ነው፤ የዘመሮ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ከሁለት ሳምንት በፊት እኔ ኮምፒውተር ወደምጠግንበት ቢሮ፣ መሐል ሜዳ፣ ፕሪንተር ሊያሠራ መጥቶ ሳለ፣ «በኮምፒውተር አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ቆይቶ ነገሩን አጫወተኝ።

መምህር አስፋው ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። ከሦስት ዓመት በፊት የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይናቸውን ወሰደባቸው። ማስተማሩ አልከበዳቸውም፤ መጽሐፉን ከነገጹ በቃላቸው ይዘውታል። የከበደው የተማሪ ወረቀት ማረም ነው። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እያነበበላቸው እሳቸው ነጥብ ይሰጡ ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ወላጅ አቤት አለ። አንባቢው የወዳጆቹን ስሕተት እያረመ ያነባል፣ የሌላውን እንዳለ ያነባል ተባለ። እውነት ይሁን ሐሰት ያረጋገጠ የለም። ኮሚቴ ተሰበሰበና ወሰነ፤ ከሰኞ ጀምሮ መምህሩ ወረቀቱን ያለ ሌላ ሰው አንብበው ማረም ከቻሉ ይቀጥላሉ፣ ካልቻሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይዛወራሉ። ውሳኔው ክፉ አልነበረም፤ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ክፉ ቢሆን ይሟገቱት ነበር።

በሩን የከፈተችልኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ናት። «አንቺ ነሽ የኮምፒውተሯ ልጅ? ግቢ፣ ግቢ፣ ብርዱ አብሮሽ እንዳይገባ» አለችና ሳልመልስላት በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ መስኮቱ አንድ ብቻ። መምህሩ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ጎን የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር፤ ሳሌም የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸው አዲስ ስትገዛ የራሷን ከአዲስ አበባ ልካላቸው ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር።»

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «ጌታነሽ፣ ሰው ተናገረ ወይስ ከጎረቤት ነው የሚሰማኝ?»

«እሷ ናት። ታፍራለች መሰለኝ» አለች ወይዘሮ ጌታነሽ።

«ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

«እፀገነት።»

«እፀገነት፣ ዓይኔ በድምፅ ነው የሚሠራው። ዝቅ ባልሽ ቁጥር ይጨልምብኛል።»

እሺ አልኩ። እሱንም ዝቅ አድርጌ።

ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። ፕሮግራሙ ፍላሼ ላይ አለ፤ ቢሯችን ባለ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬው ሠርቷል። የመጨረሻው ሚኒባስ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። መብራትም ነበር፤ ሰምቶን እንዳይጠፋ ብለን ሦስታችንም ስለ መብራቱ አንድም ቃል አልተነፈስንም።

ፍላሹን ሰክቼ መጫን ጀመርኩ። አረንጓዴው መስመር ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ «ኦኬ»ን ነክቼ ዘጋኋት። እንደገና ጀመርኩ። ሳጥኗ እንደገና መጣች፤ ዘጋኋት። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከዚያ ሞከርኩ። መጣች። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። መጣች።

«አራተኛ ጊዜሽ ነው» አሉ መምህሩ።

«ምኑ?»

«አንድ ዓይነት ነገር ነክተሽ አንድ ዓይነት ነገር ስትዘጊ። የጣትሽ ድምፅ ልክ አንድ ነው። ምን አለሽ?»

«እምቢ አለ፣ መምህር።»

«ምን ብሎ?»

አራት ጊዜ የዘጋኋትን ሳጥን አንዴም አላነበብኳትም ነበር። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ በቀን አሥር ጊዜ የማያቸውን ሳጥኖች መዝጋት እንጂ ማንበብ ትቼ ኖሯል። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እሳቸው አለማየታቸው አልጠቀመኝም፤ ወይዘሮ ጌታነሽ ታያለች።

«እንደገና ጥሪያት» አሉ። «ስትመጣ በቁጥር አንብቢልኝ።»

«በቁጥር ሲሉ?»

«የቄስ ትምህርት ቤት አልገባሽም? የኔታ ዘንድ ፊደል ስንጨርስ የዮሐንስን መልእክት አስያዙን። መጀመሪያ ቃል መጥራት የለም። በስንደዶ አንድ ፊደል ትነኪያለሽ፣ ስሙን ትጠሪያለሽ፤ ቀጣዩን ትነኪያለሽ፣ ትጠሪያለሽ። ሮጠሽ ቃሉን ከጠራሽ ስንደዶው እጅሽ ላይ ያርፋል። ዓይን የሚያውቀውን ቃል ሲያገኝ አያነበውም፣ ይዘለዋል። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ነው። ይህ ንባብ ቁጥር ይባላል፤ ዜማው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ስንደዶ ላምጣ?» አለች ወይዘሮ ጌታነሽ።

«አትሳቂባት። እርሳስ ስጫት።»

እርሳሱን ተቀበልኩ። ሳጥኗን ጠራኋት፤ መጣች። የእርሳሱን ጫፍ ከመጀመሪያዋ ፊደል በታች አስቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ።

«ኢ። አር። አር። ኦ። አር። ኤረር ማለት ነው። አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሰባት። ኢንቫሊድ ድራይቭ…»

«ዘለልሽ።»

ተመልሼ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ልክ ያልሆነ ማስቀመጫ ማለት ነው። «ከዚያ ኤፍ። ሁለት ነጥብ። ከዚያ ሰረዝ።»

«ተጋድሞ ነው ቆሞ?»

«ቆሞ። ወደ ግራ ያዘነበለ።»

«እዝባር በይው። ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ኤፍ ማነው?»

ነገሩ ሁሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተር ዕቃ የሚቀመጥበትን እያንዳንዱን ቦታ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራዋል፤ የራሱ ሆድ ሲ ነው፣ ከውጭ የሚሰካው ፍላሽ ዲ ወይም ኢ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። የእኔ ፍላሽ ኢ ተብሏል። ኤፍ የሚባል እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለም።

«የለም?»

«የለም።»

«እና የሌለ ቤት ነው የሚያንኳኳው?» አሉ። ገርሟቸው ነበር፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ ማሽኑ ዞረ። «ማነው ኤፍ አለ ብሎ የነገረው? ጌታነሽ፣ ሳሌምን ደውይላት።»

ሳሌም ስልኩን ስታነሳ ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ ድምፁን ለቀቀችው።

«ቲቸር! ደረሰ? ሠራ?»

«ገና ነው። ሳሌም፣ ኤፍ የሚባል ታውቂያለሽ?»

«ኤፍ? ማን ኤፍ?»

ስልኩን ሰጡኝ። ምናልባት ሰነዶቿን ፍላሽ ላይ ታስቀምጥ እንደነበር ጠየቅኳት።

«እንዴ! አዎ፣ ሆዱ ሲሞላብኝ ጊዜ አንድ ልጅ ቀየረልኝ። ሰነዱም ፎቶውም ሁሉ በቀጥታ ፍላሹ ላይ እንዲሄድ። ግን ያ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እስካሁን ይፈልገዋል?»

«እስካሁን» አልኳት።

አሁን ገባኝ። ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት የሰነዶቹ ቤት የት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ኤፍ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ይሄዳል፣ ቤቱ የለም፣ ተመልሶ ይቆማል። ውሸታም የለበትም። ኮምፒውተሩ የተነገረውን ነው የሚናገረው።

ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ተኩል። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ረጅሙ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ የጻፈውን መዝገብ ከፍቶ የተሳሳተውን አድራሻ ማቃናት። እዚያ መዝገብ ውስጥ ያልሆነ ነገር የነካ ሰው ኮምፒውተሩን ጭራሽ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። ሌላው አጭሩ ነው፤ የራሴን ፍላሽ ስሙን ከኢ ወደ ኤፍ መለወጥ። ለሚያንኳኳው ቤት መስጠት።

አጭሩን መረጥኩ። ስመርጥ ለመምህሩ አልነገርኳቸውም።

አረንጓዴው መስመር ግማሹን አለፈ። ሦስት አራተኛ ደረሰ። ሞላ። ለአፍታ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከላፕቶፑ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ቀጥ ያለ፣ ወዲያ ወዲህ የማይል፣ በአማርኛ ተናገረ።

«ንባብ ዝግጁ ነው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ባናው ከትከሻቸው ወደቀ፣ አላነሡትም። እጃቸውን ዘርግተው ጠረጴዛውን ዳበሱ፣ ላፕቶፑን አገኙ፣ ድምፁ በሚወጣበት ወንፊት ፊት መዳፋቸውን ገትረው ቆዩ።

«ትንፋሽ የለውም» አሉ በሹክሹክታ።

እኔ ይህን ድምፅ ቢሮ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ አስቆኝም ያውቃል። ያን ቀን ግን እኔም ቀዘቀዝኩ። በአንድ ሰው መዳፍ ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ስሜን ይላል?»

«መምህር አስፋው» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ «መምህር አስፋው» አለ። መዳፋቸው እዚያው ነበር። እንደገና እንዲል ጠየቁኝ፤ አስደገምኩት። በሦስተኛው ወይዘሮ ጌታነሽ «በቃ፣ ሰው አስመስለኸው ከእሱ ጋር ልትጠፋብኝ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ማቆሚያውን፣ ማስጀመሪያውን፣ ወደ ኋላ መመለሻውን አሳየኋቸው፤ አንዴ ነክተው ያዙት። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጽፈው ምንተስኖት የሰጠኝን አርባ ሦስት ድርሰቶች ከፍላሼ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩላቸው። ርዕሱ «በቤታችን ውስጥ የማልወደው ዕቃ» የሚል ነው፤ ኮሚቴው ሰኞ ነጥባቸውን የሚጠብቀው እነዚህን ነው። ከዚያ ቦርሳዬን አነሣሁና ፍላሼን ነቀልኩ።

ማሽኑ ለሙከራ የጻፍኩለት ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ነበር። ጸጥ አለ።

መምህሩ ማስጀመሪያውን ነኩ። ጸጥ። እንደገና ነኩ። እኔ ስክሪኑን አየሁ፤ ያቺ ሳጥን ተመልሳ መጥታለች። እሳቸው ግን አያዩዋትም፤ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሆኖ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ዝም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዝምታ ሰውን እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የድምፁ ፋይል ፍላሼ ላይ ነው የሄደው። ለሚኒባሱ ብዬ የራሴን ፍላሽ ኤፍ ብዬ ሰይሜ አታለልኩት። ቤቱን ይዤበት ልሄድ ነበር።»

ወይዘሮ ጌታነሽ «ፍላሹን ትተሽው አትሄጂም?» አለች።

«ልተወው እችላለሁ። ግን ክፍል ውስጥ ተነካክቶ ቢወልቅ እንዲሁ ይሆናል። ሰኞ፣ ኮሚቴው ፊት።»

መምህሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። «ረጅም መንገድ አለው?» አሉ።

«አለው። አስፈሪ ነው።»

«ምኑ ነው የሚያስፈራው?»

«አንዲት ፊደል ብሳሳት ጭራሽ ላይነሣ ይችላል።»

«እንግዲያው አንሳሳትም። እርሳስሽ የት አለ?»

መጀመሪያ የመዝገቡን ግልባጭ ለብቻ አስቀመጥኩ። ከዚያ የሰነዶች አድራሻ የሚጻፍበትን ገጽ ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ሃያ የሚያህል መስመር ነው፤ በግራ የዕቃው ስም፣ በቀኝ ቤቱ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቁጥር አነበብኩ። ፐርሰንት፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ፣ አር፤ የትክክለኛው ቤት አድራሻ እንዲህ ይጀምራል። እዝባር፣ ወደ ግራ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ አንድ ጣት ያጥፋሉ። ዝቅ ስል «ጨለመ» ይሉኛል፤ ከፍ አደርጋለሁ። አምስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ያልወጣልኝ ድምፅ የት እንደነበር አላውቅም። አንድ ጎረቤት በሩን ገፋ አድርጎ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ወይዘሮ ጌታነሽ «ትምህርት ላይ ናቸው» ብላ መለሰችው።

አሥራ ሁለተኛው መስመር «ፐርሰናል» ይላል፤ የሰነዶቹ ቤት እሱ ነው። ኤፍ፣ ሁለት ነጥብ፣ እዝባር። አገኘሁት! ወደ ትክክለኛው አድራሻ ቀየርኩት፤ የቀየርኩትንም በቁጥር አነበብኩላቸው። የቀረውን እስከ ታች ጨረስኩ። ፍላሹ ጡጫዬ ውስጥ ነው። ቀድሜ ወደ ኮምፒውተሩ ከገለበጥኩት ፋይል ፕሮግራሙን መጫን ጀመርኩ፤ አረንጓዴው መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ ግማሹ ላይ ቆመ።

ሳጥኗ መጣች። አነበብኳት፤ ያው ኤፍ።

«አልሆነም» አልኩ። ከመንገዱ በኩል የሚኒባሱ ረዳት «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ!» ሲል ይሰማ ነበር። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። የሚባለውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ የተማርኩት እዚህ ድረስ ነው።

መምህሩ ዓይናቸውን አልገለጡም። ጣታቸውን ከመጀመሪያው እያጠፉ ያነበብኩትን ወደ ራሳቸው ይደግሙ ጀመር። እንግሊዝኛውን ከነፊደሉ፣ ከነእዝባሩ፣ እኔ የተነፈስኩበት ቦታ ላይ እየተነፈሱ። አንድ ጊዜ ብቻ የሰሙትን። ሰባተኛውን አለፉ፣ ስምንተኛውን አለፉ። ዘጠነኛው ላይ ቆሙ።

«ማይ ፒክቸርስ» አሉ። «ፎቶ አይደለም?»

«ነው።»

«ሌሎቹን ሁሉ ፐርሰንት ብለሽ ነው የጀመርሻቸው። ይህንን ኤፍ ነው ያልሽው።»

«አላልኩም፣ መምህር። ኤፍ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያየሁት።»

«ያየሽውን አላውቅም። የተናገርሽውን ነው የምነግርሽ። እዚያ ላይ ፊትሽን አዙረሻል፤ ድምፅሽ ከግድግዳው ዞሮ ነው የመጣኝ። ሰዓት አይተሽ ይሆናል።»

አይቼ ነበር። ስልኬ መደቡ ላይ ነበር፤ ዘጠነኛው መስመር ላይ አፌን ለፊደሉ ትቼ ዓይኔን ወደ ሰዓቱ ልኬ ነበር።

እርሳሱን ዘጠነኛው መስመር ሥር አደረግኩ። ኤፍ። ሁለት ነጥብ። እዝባር። ሳሌም «ሰነዱም ፎቶውም» ብላኝ ነበር፤ ይህንንም ሰምቼ አልሰማሁትም። አፌ አንብቦት፣ ዓይኔ ሳያየው አልፎት፣ በሦስት ሜትር ርቀት ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተቀብሎ አስቀምጦልኝ ነበር። የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነበር፤ ሌላ የምመስልበት የለኝም።

ቀየርኩት። በቁጥር አነበብኩላቸው። «ይሁን» አሉ።

አረንጓዴው መስመር ግማሹን አለፈ። ሞላ። ፍላሼ ጡጫዬ ውስጥ እንዳለ፣ ምንም ነገር ሳይሰካበት፣ ማሽኑ ተናገረ።

«ንባብ ዝግጁ ነው።»

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። «ንባብ ዝግጁ ነው» አለ። ወይዘሮ ጌታነሽ «አሁንስ ሰላምታ ልመልስለት ነው» አለች። መምህሩ ሳቁ፤ ከገባሁ ጀምሮ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። የሚኒባሱ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ ራቀ። ሦስታችንም ሰማነው።

የመጀመሪያውን ድርሰት ከፈትኩላቸው። ማስጀመሪያውን ራሳቸው ነኩ።

«ቃለአብ መኳንንት። ዘጠነኛ ቢ» አለ ድምፁ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያስቀመጠ። «በቤታችን ውስጥ የማልወደው ዕቃ አባቴ…»

መምህሩ አቆሙት። «የኔታ ቢሰሙት ይወዱት ነበር» አሉ። «ልክ እንደ ቁጥር ተማሪ ነው፤ አንዱንም አይዘልም።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ባናውን ከወለሉ አንሥተው በሥርዓት ደረቡት።

«እፀገነት፣ ልጄ፣ እባክሽ ውጪልኝ።»

ደነገጥኩ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። የተማሪ ወረቀት ነው። ከመምህሩ በቀር ማንም አይሰማውም።»

ወይዘሮ ጌታነሽ «እኔንም ነው?» አለች።

«አንቺንማ በተለይ! የእህትሽ ልጅ ዘጠነኛ ቢ አይደለም እንዴ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ሲነበብ የኖረውን እኔ አልሰማሁም ማለት ነው?»

«ሰምተሻል። በቃሽ።»

የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ወጣን።

ሰኞ የሆነውን ምንተስኖት በስልክ ነገረኝ። ኮሚቴው የራሱን ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ ሳይነግራቸው መጣ። መምህሩ ማዳመጫውን አድርገው አንድ ጊዜ ሰሙ፣ ከዚያ ጽሑፉን በቃላቸው መለሱላቸው፤ በስተመጨረሻም የኮሚቴው ጸሐፊ የሠራቸውን ሦስት የፊደል ግድፈቶች ነገሯቸው። የአርባ ሦስቱን ተማሪዎች ነጥብ አስረከቡ። አንዱ አባል ድርሰቶቹን እሱም ልስማ ቢል ከለከሉት። ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሰው ተፈልጓል።

እኔ ግን ሰኞን ሳስብ የሚመጣብኝ ቅዳሜ ከቤት የወጣንበት ሰዓት ነው። ጉሙ ወርዶ አጥሩን ሸፍኖት ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና በሩን ተደግፋ ቆመች፣ እኔ ከጎኗ። ማዳመጫውን ገና አላደረጉትም መሰል፣ ያ ትንፋሽ የሌለው ድምፅ በሳንቃው ስንጥቅ እየሾለከ ይወጣ ነበር፤ «አባቴ» የሚለው ተሰማኝ፣ የቀጠለውን አልያዝኩትም።

«ምን ይሆን የጠላው ዕቃ?» አለችኝ በጆሮዬ። ጆሮዋን ወደ ሳንቃው አስጠጋች። ከዚያ ራሷን ገሠጸች መሰለኝ፣ እጄን ይዛ ሳበችኝ። «ነይ፣ ከዚህ እንራቅ። ይሰማል።»

እስከ አጥሩ በር ሄደን ብርዱ ውስጥ ቆምን። ከዚያ ሆኖ ቃሉ አይለይም። ድምፁ ብቻ ይመጣል፤ ይሄድና ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ከቆመበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ቦታ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቆማል።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?» አለች፣ እጄን ጠበቅ አድርጋ።

«አልተበላሸም» አልኳት። «እሳቸው ናቸው ወደ ኋላ የሚመልሱት።»

ደግሞ ተመለሰ። ማንንም ሳይለምኑ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበቡ። አራተኛው ላይ ማዳመጫውን ሰኩት መሰለኝ፣ ከቤቱ የሚሰማ ነገር ጠፋ።